የሚረሳው ማሽንና ሙሉሽ ባልዲ

ሙሉሽ ያን ስም ያገኘችው በሁለት ሺህ ሰባት፣ በሚያዝያ ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ሙሉሽ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ግን ጂንካ ውስጥ አንድ ሰው ስሟን ካነሳ "የትኛዋ ሙሉሽ?" ይባላል፤ "ባልዲዋ" ይላል፤ በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። የሚሉት ልጆች ቢሆኑ ሮጣ ትይዛቸው ነበር። የሚሉት ግን ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉሽ የምታጸዳበት መሥሪያ ቤት የገበሬውን የመሬት መዝገብ ይይዛል፤ የማን ማሳ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ በየት በኩል ዛፍ፣ በየት በኩል ቦይ እንደሚያዋስነው። ያ ሁሉ ከወረቀት ተገልብጦ አንድ ትልቅ ጥቁር ማሽን ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ወረቀቱም ተወግዷል። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ሙሉሽ የማሽኑን ክፍል ወለል በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች። ረፋዱ ላይ ማሽኑ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ፤ ከዚያም ወዲያ አልተነሳም። የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ሸዋንግዛው መጡ። ወለሉን አዩ፣ ባልዲዋን አዩ፤ ኮሪደሩ በሰው በተሞላበት ሰዓት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦

"ጉድ ፈላ! ይቺ ሴትዮ የስንቱን ገበሬ ማሳ በአንድ ባልዲ አጥባ ለነሪ ወንዝ ሰጠችው!"

ሰው ሳቀ። ሳቁ ስም ሆኖ ቀረ። ለሷ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት፤ በሩ ላይ ደግሞ ወረቀት ተለጠፈ፦ "ከባለሙያ በስተቀር መግባት ክልክል ነው።" አቶ ሸዋንግዛው ይህ አልበቃ ብሏቸው ከሥሩ በእስክሪብቶ ጨመሩበት፦ "በተለይ ጽዳት።"

ሙሉሽ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፍ ስታነብ ጣቷን እያስከተለች ነው። ያቺን ሁለት ቃል ግን አንዴ አይታ አነበበቻት።

እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት። ከላይ ከተራራው ሥር የሚወርዱት ሽማግሌ ዶላሞ ድሮ ቅዳሜ ገበያ ሲያገኟት የገዛችው ጎደሬ ላይ ሁለት ፍሬ መርቀው ይጨምሩላት ነበር። የእሳቸውም ድንበር ከማሽኑ ጋር ጠፋ፤ ከጎረቤታቸው ጋር እስከ ዛሬ ይካሰሳሉ። ሰላም ስትላቸው ወደ ጎደሬያቸው ያቀረቅራሉ። እሷም እልኸኛ ናት፤ በእናቷ ነፍስ ምላለች። "የለጠፈው ይላጠው። እስኪልጠው ድረስ የዚያን ክፍል ደፍ አልረግጥም" ብላለች፤ ደግሞም አልረገጠችም። አንድ ጊዜ ቧንቧ ፈንድቶ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው "ግቢና ጥረጊልን" ብለው ሲለምኗት ጨርቁን በደጃፉ አቀብላቸው ነው የመለሰቻቸው።

ሰው የማያውቀው ግን አንድ ነገር አለ። ሰው ፊት "አላደረግኩም!" ትላለች፣ ደረቷን ነፍታ። ብቻዋን ስትሆን፣ ጨርቅ ባልዲ ውስጥ ነክራ ስታወጣ፣ እጇ ይቆማል። ያን ጠዋት ጨርቁን ጨምቄዋለሁ? ሁለቴ ነው የምጨምቀው፣ ሁልጊዜም ሁለቴ። ያን ቀን ግን ጨምቄዋለሁ? አታስታውስም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ጨርቅ በሐሳቧ ስታነሳው አንዳንዴ ደርቆ ይወጣል፣ አንዳንዴ ውሃ እያንጠባጠበ። ስሙን የለጠፉባት ሰዎች ናቸው፤ ሙጫው ግን ይህ ጥርጣሬዋ ነበር።

አዲሱ ማሽን በየካቲት ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ከአዲስ አበባ ተጭኖ መጣ። የርክክብ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ክዳኑን ከፍተው በውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ መብራቱ ይበራ እንደሆነ ለማየት ሰኩት፤ በራ። አጨበጨቡ፣ ፈረሙ። ከዚያ ባለሙያ እስኪመጣ ብለው እንደ ተሰካ፣ ክዳኑም እንደ ተከፈተ ትተውት ወጡ። ሁለት ወር ሙሉ ባለሙያ አልመጣም።

በሚያዝያ ከአርባ ምንጭ ሮዳስ ተላከች። ሠላሳ ያልሞላት፣ ቀጭን፣ ስትናገር እጇን የምታወናጭፍ የወላይታ ልጅ ናት። ማሽኑን ሦስት ቀን ፈትና ዓርብ ዕለት ካልፈረመች የኮሚቴው ፊርማ ብቻውን ዋጋ የለውም። የክፍሉ ማቀዝቀዣ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ገና ከመጀመሯ አስነጠሳት።

"እትዬ፣ እባክሽ ግቢና ጥረጊልኝ። አቧራው ሊገድለኝ ነው።"

"አልገባም" አለች ሙሉሽ፣ ኮሪደሩ ላይ መወልወያዋን ተደግፋ።

"ለምን?"

ሙሉሽ በአገጯ በሩን አሳየቻት። ሮዳስ ተነስታ አነበበችና ሳቀች። ሙሉሽ እንዳልሳቀች ስታይ ሳቋን ዋጠች።

"ልላጠው?"

"አንቺ አይደለሽም የለጠፍሽው።"

"ታዲያ ማን ይጠርግልኛል?"

"መጥረጊያውን እንኪ" አለችና በደጃፉ ወረወረችላት።

እንዲህ ሆኖ ተዋወቁ። ሮዳስ ውስጥ፣ ሙሉሽ ከበሩ ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ ባለች አግዳሚ ወንበር። ሥራዋን ስትጨርስ እዚያ ትቀመጣለች፤ ማንም አይከለክላትም፤ ወረቀቱ መግባት እንጂ ማየት አልከለከለም። ውጭ ዝናቡ የድሮውን አውሮፕላን ሜዳ ሳር እያጎነበሰው ይዘንባል፤ ደመናው ከተራራው ወርዶ ቤቶቹ ጣሪያ ላይ ይተኛል። ማሽኑ ውስጥ ያሉት ማራገቢያዎች አንድ ላይ ሲዞሩ ድምፃቸው ልክ እንደ ቀፎ ነው። ሙሉሽ በእናቷ በኩል ኣሪ ናት፤ አጎቷ በየዛፉ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነበር። ያ ድምፅ ከልጅነቷ ያውቃታል። ዓይኗን ትከድናለች፣ እንደገና ትገልጣለች፣ ቀኑ ያው ነው፤ ዝናቡም ያው።

"ምን እያደረግሽው ነው ግን?" አለቻት ረቡዕ ዕለት።

"አህያ ገበያ ላይ ስትገዢ ዝም ብለሽ ነው የምትገዢው?"

"ምን ሞኝ አለሽ! ኩንታል በቆሎ ጭኜ ዳገት አስወጣዋለሁ እንጂ።"

"እኔም እሱን ነው የማደርገው። የማይችለውን ያህል ሥራ ጭኜበት ዳገት እየነዳሁት ነው። ዛሬ የሚወድቅ ከሆነ ዛሬ ይውደቅ፤ የሰው መዝገብ ተሸክሞ ከሚወድቅ።"

"ወደቀ?"

ሮዳስ ማያው ላይ ወደሚወርደው ጽሑፍ ዞረች። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፣ ከዚያ በመሃሉ አንድ ቀይ መስመር። እንደገና ነጭ፣ ነጭ። ቀይ።

"እያነከሰ ነው" አለች። "ይኸውልሽ፣ ማሽኑ ውስጥ ከርነል የሚባል አለ። የሠርግ አጋፋሪ በይው። እንግዳ ሲመጣ 'አንተ እዚህ፣ አንቺ እዚያ' እያለ የሚያስቀምጥ እሱ ነው። ወንበሮቹ ደግሞ ሚሞሪ ይባላሉ፤ የማሽኑ ማስታወሻ ናቸው። እነዚህ እንደ ማበጠሪያ የቆሙት ስምንቱ፣ ታዪያቸዋለሽ? አጋፋሪው አንዱን እንግዳ ሦስተኛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ቆይቶ ሲጠራው ሌላ ሰው ሆኖ ይነሳል።"

"ጉድ! ዶላሞን አስቀምጦ ሌላ ሰው ይነሳል?"

"ዶላሞ ማነው?"

"አንድ ሽማግሌ ናቸው" አለች ሙሉሽ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሮዳስ ማሽኑን አጠፋችው። በጣቷ ሦስተኛዋን ማበጠሪያ ከማስገቢያዋ ነቅላ ከስድስተኛዋ ጋር አቀያየረቻቸው። "አሁን ደግሞ ማስገቢያውን ወንበር፣ ማበጠሪያዋን ሰውዬ በያት" አለች፤ "ወንበሩና ሰውዬው ሊለዩ ነው። ስህተቱ ሰውዬውን ተከትሎ ወደ ስድስተኛው ከሄደ ጥፋቱ የሰውዬው ነው። ሰውዬው ተነስቶም ስህተቱ እዚያው ሦስተኛው ላይ ከቀረ ግን ሰውዬው ምንም አላጠፋም፤ የቦታው ነገር ነው።"

ሙሉሽ መወልወያዋን ይዛ ተነሳች፣ ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች።

"እኔን አንስተውኝ ነበርኮ" አለች።

"ከየት?"

"ከዚህ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እኔ ከተነሳሁ ወዲህ እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ሞቷል፣ ያ ሽቦ የሚሰካበት ሣጥንም ሁለቴ ተቀይሯል። ማንም 'ምን ገባበት?' ያለ የለም።"

ሮዳስ እጇን ማወናጨፍ አቆመች። በዚያ ሰዓት ሙሉሽ ለማንም ነግራ የማታውቀውን ሁሉ ነገረቻት፤ ማክሰኞውን፣ ወለሉን፣ ስሙን። ጨርቁን ጨምቃው እንደሆነ አለማስታወሷን ግን አልነገረቻትም።

ሐሙስ ጠዋት ቀዩ መስመር ተመልሶ መጣ። ሦስተኛው ላይ። ማበጠሪያዋ ስድስተኛው ላይ ደህና ሆና ትሠራለች፤ ሦስተኛው ማስገቢያ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ግን ይሳሳታል። ሮዳስ እንደገና ሞከረች፤ ከአምስተኛው አምጥታ ሦስተኛው ላይ ሰካች፤ ያም አነከሰ።

አቶ ሸዋንግዛው ውጤቱን ሊሰሙ መጡ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ወፍራም የቁልፍ ቀለበት ቀበቷቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ናቸው፤ ከሩቅ ሲመጡ ይንቃጨላሉ።

"ማስገቢያው ነው ችግሩ" አለች ሮዳስ። "ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ መጥቶ ከሆነ መመለስ አለበት።"

"ኮሚቴው ሲረከበው ደህና ነበር! አጨብጭበንለታል!"

"ጭብጨባ ፈተና አይደለም፣ ጋሼ።"

አቶ ሸዋንግዛው ዘወር ሲሉ ዓይናቸው አግዳሚው ሥር ያለችው ባልዲ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብለው አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ጥፋተኛ እንዳገኘ ሰው፣ "አሃ" አሉ።

"ምን አሃ?" አለች ሙሉሽ።

"ባልዲዋ ከበር ላይ አትጠፋም። እኔ ምን ልበል? አንድ ማሽን ሞተ፣ ባልዲ ነበረች። ሁለተኛው ታመመ፣ ይቺው ባልዲ።"

"እኔ ደፉን አልረገጥኩም! ዘጠኝ ዓመት!"

"ውሃ እግር የለውም እንዴ ሙሉሽ? በበር ሥር ይገባል። ነገ በአራት ሰዓት ሪፖርት ይጻፋል፤ ያየሁትን አስጽፋለሁ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ደግሞ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ስንብት ነው።"

ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ሄዱ። ሮዳስ ጭንቅላቷን ያዘች። ሙሉሽ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። የሥራው ነገር አንድ ነው። ነገር ግን ዘንድሮ ከተጻፈ እሷም ራሷ ማመኗ ነው፤ ያቺ ጨርቅ ከእንግዲህ ሁልጊዜ እያንጠባጠበች ልትወጣ ነው።

ሮዳስ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ማሽኑ ላይ ከቀድሞው የበለጠ ሸክም ጫነችበት። ድምፁ ከፍ አለ። ሙቀቱ በበሩ ወጥቶ የሙሉሽን ጉልበት ነካት። ቀትር ሆነ፤ ሠራተኛው ለምሳ ወጣ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ቀፎው ያጉረመርማል። ዓይኗ ተከደነ።

አየች እንግዲህ። አውሮፕላን ሜዳው ላይ ትልቅ ዳስ ተጥሏል፤ ከዚህ እስከ ነሪ ድረስ ወንበር ተደርድሯል። አጋፋሪው በቁልፍ የተሞላ ዘንግ ይዞ ስም ይጠራል። እንግዶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ይቀመጣሉ፤ የላይኛው ቀበሌ ሰዎች፣ የሞቱትም ያሉትም፣ እናቷም አለች፤ በየሰው ግንባር ላይ ስሙ ተጽፏል። ከሳሩ ውስጥ ትንንሽ ቡናማ ጉንዳኖች ወጡ። በወንበሩ እግር ወጡ፣ በሰዎቹ ትከሻ ወጡ፣ ከግንባራቸው ላይ ፊደሉን አንድ በአንድ ይዘው ወረዱ፤ አንዱ ጉንዳን አንድ ፊደል። ማንም አልጮኸም። ዶላሞ ግንባራቸውን እየዳበሱ "እኔ የማን ልጅ ነኝ?" ይላሉ። እሷ ልታጥባቸው፣ ጉንዳኖቹን ልታባርር ባልዲዋን አነሳች። ባልዲዋ ከበዳት። ስታየው ውስጡ ያለው ውሃ አልነበረም፤ ወርቅማ ነበር፣ ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ሲፈስም የሚሸት፤ የግራር አበባ የሚሸት፣ የአጎቷ እጅ የሚሸት።

ነቃች። ሽታው ግን አብሯት ነቃ።

ሙሉሽ አልተንቀሳቀሰችም። በአፍንጫዋ ሳበች። ማር ነው። ከዚህ ኮሪደር ማር ምን ሊሠራ? ሙቀቱ ከክፍሉ ውስጥ በወጣ ቁጥር ሽታውም አብሮ ይወጣል። ወደ ወለሉ ጎንበስ አለች፤ ሃያ ዓመት ወለል ያየ ዓይን ሰው የማያየውን ያያል። በበሩ ሥር፣ በግድግዳውና በወለሉ መገጣጠሚያ፣ አንድ ቀጭን ቡናማ ክር ነበር። በየጠዋቱ ከኮሪደሩ ላይ በጨርቋ የምትጠርገው፣ በነጋታው የምታገኘው ክር። ከየት እንደሚመጣ ጠይቃ አታውቅም፤ የሚመጣበት ክፍል የእሷ አልነበረማ። ተንበርክካ በዓይኗ ተከተለችው። ክሩ በግድግዳው ሥር ሄዶ፣ ወደ ላይ ወደ መደርደሪያው ወጣ፤ ሌላ ክር ደግሞ ከዚያው ወርዶ በጠረጴዛው እግር ላይ ወጥቶ ማሽኑ ጀርባ ጠፋ።

"ሮዳስዬ" አለች፣ በሹክሹክታ ነው የወጣላት። "ከዚያ ከበሩ ጀርባ፣ ላይ ያለው ምንድነው?"

"ጀሪካኖች ናቸው። ማዳበሪያ ጆንያ ለብሰዋል። የባትሪ ውሃ መስሎኝ ዝም አልኩ።"

"ግለጪው።"

ሮዳስ ወንበር ላይ ወጥታ ጆንያውን ገለጠች። አራት ቢጫ ጀሪካን። የሁለቱ ክዳን ጠፍቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ ነው የተወተፉት፤ ቆረቆንዳው በሙቀቱ ላልቶ በጎኑ ወርቅማው ነገር ወርዷል፤ በላዩም ጉንዳን ልብስ መስሎ ተጋድሟል።

"ወይ ጌታዬ!" አለች ሮዳስ።

"አሁን ማሽኑን አጥፊው። ሦስተኛውን ወንበር በደንብ እዪው። አጋፋሪሽ ያላስቀመጠው ሌላ እንግዳ አለ።"

ሮዳስ ማሽኑን አጠፋች፣ ክዳኑን አነሳች፣ ማበጠሪያዋን ነቀለች፤ የስልኳን መብራት ማስገቢያው ውስጥ አበራች። ፊቷን አቅርባ አየች። ከዚያ በጥርስ ብሩሽና በአልኮል እየፋቀች ያወጣችውን ነጭ ወረቀት ላይ አራግፋ ወደ ደጃፉ አመጣችው። የተጨፈለቁ ጉንዳኖች፣ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ያሉ ነጫጭ እንቁላሎች፣ የሚያጣብቅ አቧራ።

"ሙቀቱን ወደውት ነው" አለች ሙሉሽ። "ሁለት ወር ክዳኑ ተከፍቶ፣ ከላይ ማር፣ ከታች ሙቀት። እኔ ጉንዳን ብሆን እዚያ እወልዳለሁ። አጎቴ ግንዱን ዙሪያውን አመድ ካልቀባ ቀፎ አይሰቅልም ነበር፤ ጉንዳን የገባበትን ቀፎ ንቡ ጥሎት ይሄዳል።"

ፈተናው ሐሙስ ከሰዓት እንደገና ተጀመረ። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። ሙሉሽ ወደ ቤቷ ሄዳ፣ ዓርብ ማለዳ ስትመለስ ሮዳስ ዓይኗ ቀልቶ ማያው ፊት ተቀምጣለች። አንድም ቀይ መስመር አልነበረም።

በአራት ሰዓት አቶ ሸዋንግዛው ሪፖርቱን ሊያስጽፉ መጡ፤ ተስፋ የሚባለው ጸሐፊና ሌሎች ሁለት የኮሚቴ አባላትም አብረው። ጀሪካኖቹ ኮሪደሩ ላይ በተርታ ቆመው ጠበቋቸው። ቁልፋቸው መንቃጨሉን አቆመ።

"ይሄ የማን ነው?" አለች ሮዳስ።

"እሱማ…" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የመስክ ሠራተኛው ከሃና ከተማ ሲመለስ፣ ከአልዱባ ገበያ ሲመለስ ማር ይዞ ይመጣል፣ አደራ ይለኛል። ሌላ ቦታ ይሰረቃል። ጥሩ ቁልፍ ያለው ክፍል ይሄ ብቻ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ኧረ ቆይቷል። ማሽን የሚባል ነገር ሳይመጣ ጀምሮ ነው።"

ይህን ሲሉ የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት። ሙሉሽም ሰማችው። የድሮው ማሽንም ከዚሁ ማር ሥር ነበር ማለት ነው።

"የድሮው ማሽን የት ነው?" አለች።

"መጋዘን ነው እንጂ የት ይሄዳል። የመንግሥት ንብረት ነው፣ የማስወገጃ ኮሚቴ ሳይወስን አይጣልም።"

"ክፈቱልኝ።"

"ምን ያደርግልሻል? ያለቀ የደቀቀ ነገር።"

"ክፈቱልኝ አልኩ! ውሃ ከሆነ ውሃ ነው፤ ዛሬውኑ ለቅቄ እሄዳለሁ፣ ባልዲዬን ተሸክሜ፣ በገበያው መሃል። ካልሆነም ልወቀው።"

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ሮዳስ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ይቺ ሴት የምትፈራው አቶ ሸዋንግዛውን አለመሆኑ።

ከተሰባበሩ ወንበሮች መሃል ጎትተው አወጡት። ጥቁሩ ማሽን አቧራ ለብሶ ግራጫ ሆኗል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ብሎኑን ነክቶት አያውቅም፤ ጥፋተኛ ስለተገኘ ምክንያቱን የፈለገ አልነበረም። ሮዳስ ፈታችው። ሙሉሽ አጠገቧ ቆመች፤ መጋዘን መግባት የከለከላት የለም። ክዳኑ ሲነሳ ዓይኗን ጨፈነች።

"ዝገት የለም" አለች ሮዳስ። "ታቹ ደረቅ ነው። ውሃ ነክቶት ቢሆን እዚህ ጋ ነጭ ይሠራ ነበር፣ እዚህ ጋ አረንጓዴ። የለም። እትዬ ሙሉሽ፣ ዓይንሽን ክፈቺ።"

ከፈተች። ማስገቢያዎቹ በደረቁ ጉንዳኖች ጢም ብለው ተሞልተዋል፤ አንዱ በሌላው ላይ፣ ቀለማቸው ጠፍቶ እንደ ገለባ ቀለዋል። ሮዳስ ስትነፋባቸው ተነሱ፤ በመጋዘኑ መስኮት በገባው ብርሃን ውስጥ ለአፍታ ተንሳፈፉ፤ ሙሉሽ ሕልሟን አየችው፣ እያንዳንዱ የያዘውን እያስቀመጠ ሲበተን።

ጨምቄዋለሁ፣ አለች በልቧ። ሁለቴ።

"መዝገቡ የተቀመጠበትን ዕቃ ፈትቼ አርባ ምንጭ እወስደዋለሁ" አለች ሮዳስ። "እሱ የተለየ ነው፣ ጉንዳን አይገባበትም። ሊነበብ ይችላል፣ ላይነበብም ይችላል። ቃል አልገባም።"

"ከዶላሞ ጀምሪ" አለቻት ሙሉሽ።

አቶ ሸዋንግዛው መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ነበር። ፊታቸው ወርዷል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እርጥብ ወለል አዩ፣ ባልዲ አዩ፣ ሳቅ ጣፈጣቸው። "እንግዲህ ሙሉሽ" አሉ፣ "የሰው ነገር… እግዜር ያውቃል፣ እኔ ሆን ብዬ አይደለም።"

"ወረቀቱን ይላጡልኝ።"

"ይላጣል፣ ይላጣል። ሰኞ ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ እናስገባለን፤ እሳቸው ሲመሩበት…"

"ሲለጠፍ ደብዳቤ ነበረው?"

ተስፋ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። አቶ ሸዋንግዛው ቁልፋቸውን ዳበሱ። "ሲለጠፍማ… ሲለጠፍ አልነበረውም። ሲነሳ ግን ሥርዓት አለው።"

ሙሉሽ ወደ ማሽኑ ክፍል ተመልሳ በሩ ፊት ቆመች፤ ሁሉም ተከተሏት። ወረቀቱ ከዕድሜ ብዛት እንደ ሻይ ቀልቷል፤ "በተለይ ጽዳት" የምትለው ግን ትነበባለች። የለጠፈው ይላጠው ብላ ምላ ዘጠኝ ዓመት ጠበቀች። እነሆ የለጠፈው ሰው አጠገቧ ቆሟል፤ ጣቱም አለ፣ ጥፍሩም አለ፤ ሰኞ ይላል። ሰኞ ሌላ ሰኞ ይወልዳል። የእናቷን ነፍስ በልቧ ይቅርታ ጠየቀች።

ከጥበቃው ቤት ሙቅ ውሃ አምጥታ ጨርቋን ነከረች፣ ወረቀቱ ላይ ለጥፋ ያዘችው፤ ሙጫው እስኪላላ ቆመች። ከዚያ ከላይኛው ጥግ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጀመረች። በሦስት ቁራጭ ወጣ፤ የመጨረሻዋ ቁራጭ ያቺ በእስክሪብቶ የተጻፈችው ነበረች። አጣጥፋ አላስቀመጠችውም፣ ለማንም አላሳየችውም። ባልዲው ውስጥ ጣለችው፤ ቀለሙ ውሃው ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ሠራና ጠፋ። ባልዲውን ግቢው ውስጥ ደፍታ ሌላ ውሃ ቀዳች።

ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት፣ ከሻይ ቤቱ አራት ባዶ የሳልሳ ቆርቆሮ ለምና አመጣች። አመድ አሰኝቷት ነበር፤ ሮዳስ "ማራገቢያው ይስበዋል" ስላለች ተወችው። ከዚያ ሁሉም እያዩዋት ጨርቋን ነክራ አነሳችው። ጨመቀችው። እንደገና ጨመቀችው። አራገፈችው፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

በቀኝ እግሯ ደፉን ተራመደች። ውስጡ ከውጭ እንደምታስበው ትልቅ አልነበረም። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ማያው ላይ ነጩ መስመር ይወርዳል። የጠረጴዛውን አራት እግር በየተራ አንስታ፣ ጉንዳን እንዳይወጣበት፣ በቆርቆሮዎቹ ዘይት ውስጥ አቆመች። ከዚያ ከሩቁ ጥግ ተንበርክካ ጀመረች።

"እግርሽን አንሺልኝ፣ ልጄ" አለቻት ሮዳስን።